የማኅበሩ ጽዋና የእናቴ ግዝት

እናቴ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልቆረበችበትን ምክንያት የነገረችኝ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አድማጩን አስቀምጦ የሚናገረው ይመስለኝ ነበር። እሷ ቀና እንኳ አላለችም። ግንዱን ወደ አንድ ወገን፣ ቅጠሉን ወደ ሌላ ወገን እየለየች፣ «ያን ጽዋ የደበቅሁት እኔው ነኝ» አለች።

«የቱን ጽዋ?»

«ስንት ጽዋ ጠፍቶብናል?»

እዚህ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ወር ተጨቃጭቀናል። ሐኪሙ ልቧ መድከሙን ከነገረን ዕለት ጀምሮ እኔ «ቁረቢ» እላለሁ፤ እሷ «እስቲ ይሁና» ትላለች። የእናቴ «እስቲ ይሁና» እምቢታ መሆኑን መቱ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል። ባሏን ከቀበረች ቆይታለች፣ ልጆቿን ለወግ አድርሳለች፣ እኩዮቿ አንድ በአንድ ቆርበዋል። ጾም አትገድፍም፤ ኪዳን አይቀርባትም። ካህናቱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ሲወጡ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ሰው ትሕትና ይለዋል። እኔ ግትርነት ስለው ኖርኩ።

እኔ የምናገረው ጥቂት፣ የማነበው ብዙ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነው፤ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ቁቤ ቆጥሬአለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን አያባክንም። አሁን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ መጽሐፍ ያለ ቦታው ሲገባ ያመኛል፣ ሰባኪ ጥቅስ ሲያጣምም ደግሞ ይብስብኛል። የከተማችን ስብከት ለእኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እሳቱን ያነድና እናንተን ይጨምራል፤ ሰባኪው ራሱ በየትኛው በር እንደሚያመልጥ አይነግረንም። ሁለተኛው ሁሉን ይምራል፤ ማን ምን እንዳደረገ እንኳ ሳይጠይቅ። አንድ አምላክ እንዴት እንዲህ ወደደ፣ እንዴትስ እንዲያ ፈረደ ብላችሁ ብትጠይቁ «ምሥጢር ነው» ይሏችኋል። ምሥጢር ማለት ሰባኪው ሳይዘጋጅ የመጣበት ነገር ሁሉ ከሆነ ቆየ።

ወደ ጽዋው ልመለስ።

እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ማኅበሩ በየወሩ በተራ ይጠጣል፤ የወሩ ድግስ ሲያበቃ ጽዋው በጨርቅ ተጠቅልሎ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛውም እስከ ወሩ ድረስ እቤቱ አክብሮ ያስቀምጠዋል። ጽዋው የናስ ነበር፤ ከማኅበሩ መሥራቾች የተወረሰ። የእኛ ተራ የደረሰው በኅዳር ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሃያ አምስት ዓመቴ። አባቴ አልጋ ላይ ነበር፣ የበራችን ቁልፍ ተበላሽቶ ነበር፣ ጓሮ ካለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ደግሞ ተከራይ ነበረችን፤ ከያዮ ማር እያመጣች ገበያ የምትሸጥ ሴት።

የማኅበሩ ቀን ሲደርስ እናቴ ጽዋውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ላውርድ ብትል የለም። ቤቱን ገለበጥነው። የለም። ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ቆመው፣ እናቴ እያለቀሰች «ሰረቁኝ» አለች።

በዚያ ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የማኅበሩ አባት የነበሩት ሽማግሌ ቄስ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጥተው ገዘቱ። የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ አይቶም የሸሸገ፣ እስኪመልስ ድረስ ከምእመናን የተለየ ይሁን አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እኔም ብያለሁ። ድምፄን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ጥሩ አድርጌ ነው ያልኩት።

ተከራያችንን ማንም ፊት ለፊት ሌባ አላላትም። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ አናደርግም። እኛ የምናደርገው ሌላ ነው። ማሯን ቀምሶ «ግሩም ነው» ብሎ ከጎኗ ካለችው መግዛት። ስትገባ ወሬ ማቆም። ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የቆመች ሴት ቦታ መቀየር። እናቴ ራሷ የጓሮውን በር መቆለፍ ጀመረች። ወር ሳይሞላት ሴትዮዋ ዕቃዋን ጠቅልላ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ «ዋቀዮ ኒ አርጋ» አለች፤ እግዚአብሔር ያያል። እናቴ ከኋላዋ «ያያል እንጂ!» አለች።

በየካቲት የቡና ዋጋ ሲሻሻል እናቴ ዋጋ እስኪወጣ ካስቀመጠቻቸው አምስት የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ጆንያዎች አንዱን ፈታች። ጽዋው ከነጨርቁ ከውስጡ ወጣ።

«አንቺው ነሽ የከተትሽው?» አልኳት፣ ጎመኑን ከእጇ ነጥቄ።

«ቁልፉ ተበላሽቶ አልነበር? ሌባ ጀንፈል ውስጥ አይፈልግም ብዬ።»

«እና ረሳሽው?»

«አባትሽን አገላብጥ ነበር እኮ። ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጥኩት ነበር የሚመስለኝ። ብትገድዪኝ ቁም ሳጥን ላይ ነው የምለው።»

«ታዲያ ባገኘሽው ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ነገ ነገ ስል። ጎመኑን አምጪው።»

ነገ ነገ ስትል በሦስተኛው ቀን፣ በኪዳን ሰዓት፣ ማንም ሳያያት ጽዋውን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስቀምጣው መጣች። ከዚያ የሆነው ነገር ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ከተማው «ግዝቱ ሠራ!» አለ። ሌባው እንቅልፍ አጥቶ፣ ፈርቶ መለሰ ተባለ። ሌባው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገም፤ ያዮ ሩቅ አይደለም፣ ሰው በማለዳ ደርሶ ይመለሳል። ግዝቱን እንደ ተአምር ሰበኩት። በጎሬ ሳይቀር ሲወራ ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ፣ ጥቅስ ሲጣመም የሚያመኝ ሴትዮ፣ ታሪኩን ለክፍል ጓደኞቼ አውርቼአለሁ። እናቴ ይህን ሁሉ ነጠላዋ ውስጥ ሆና ስትሰማ ኖረች።

የገዘቱት ቄስ በዚያው ሰሞን ታመው ጎሬ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደው ነበር። አባቴም ያኔ ዐርፎ ነበርና እናቴ ዐርባው ይለፍ ብላ ቆየች፤ ጎሬ ስትደርስ ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ አገኘችው። ነገሩ በእሷ ዘንድ እዚያ ላይ ተዘጋ። የገዘተ ካልፈታ ግዝት አይፈታም። «አይቶም የሸሸገ» ነው ያሉት፤ ያየችም የሸሸገችም እሷ ናት። «ልክ በእኔ ቁመት የተሰፋ ቃል ነው» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ብዙ ጊዜ የምናደደው በሆዴ ነው፤ ያን ቀን በአፌ ነበር። «እማዬ፣ ፈጣሪን ከአንድ የሞቱ ቄስ ቃል በታች አደረግሽው! እሳቸው ከአፋቸው ያወጡትን እሱ መመለስ ያቅተዋል? ዐሥራ አራት ዓመት ወደ ግድግዳ ዞረሽ የቆምሽው ለጀንፈል ጆንያ ነው?»

«አትጩኺ፤ ልቤን» አለችኝ። ልቧን የምታነሣው ሲመቻት ነው።

ታናሽ እህቴ በደሌ ትኖራለች፤ ባሏን ተከትላ ፕሮቴስታንት ሆናለች። እናታችንን ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ ሁሉን ነገርኳት፤ እኔ ያቃተኝን ጣፋጭ ምላሷ ይችለው ይሆናል ብዬ። እጇን ይዛ «እማዬ፣ እግዚአብሔር ፍቅር ነው። ይቅር ብሎሻል። በቃ፣ አለቀ» አለቻት።

«ለእሷስ ነገራት?»

«ለማን?»

«ለማር ሻጯ። ሌባ አይደለሽም ብሎ ነገረልኝ ወይ?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ለአንቺ ነው ሌላ።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደ እሷ። በሃይማኖት ከተለያየን ጀምሮ በአንድ ነገር ስንስማማ የመጀመሪያችን ይመስለኛል። እናታችን አስቸጋሪ ናት።

የአሁኑን የንስሐ አባታችንን እቤት ጠራኋቸው። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ደግ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። እናቴ ተናዘዘች፤ ከዚያ እኔንም አስጠርታ በእኔ ፊት ደገመችው። አባ ሰሙ፣ አዘኑ፣ ስልካቸው ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ አጠፉት።

«እማማ፣ በስሕተት የተጣለ ግዝት ነው። ያሰሩትም እኔም የያዝነው ሥልጣን አንድ ነው። እኔ እፈታዎታለሁ። ጥቂት ስግደት እሰጥዎታለሁ፣ በአቅምዎ። የመጪው ሳምንት እሑድ ይቆርባሉ።»

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። ይኸው፣ ፍርዱም ምሕረቱም በአንድ አፍ! ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ልጽፈው ምንም አልቀረኝም።

እናቴ ግን «በዐውደ ምሕረት ላይ ይነገርልኛል?» አለች።

«ምኑ?» አሉ አባ።

«ጽዋውን ማንም አለመስረቁ።»

«እማማ… ይህ ነገር ሰውን ያሰናክላል። ያንን ታሪክ ሰምቶ የሰረቀውን የመለሰ ስንት ሰው አለ። ግዝት መፍራት ካቆመ ሕዝቡን በምን እንይዘዋለን? እግዚአብሔር አወቀልዎ፤ ይበቃል።»

«እሱማ ድሮም ያውቃል» አለች እናቴ። «የማያውቀው መቱ ነው።»

«እስቲ ያስቡበት» ብለው መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። እሷም «እስቲ ይሁና» አለች።

በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ቄሱ ምሕረቱን በኪሳቸው ይዘው መጥተው ለእሷ ብቻ ሊሰጡ ይፈልጋሉ። እሷ ደግሞ በሁለት ደረጃ እንኳ እየተነፈሰች የምትወጣ ሴት፣ ሞት በር ላይ ቆሞ፣ ትደራደራለች። እንዲህ እንደሆነች ብትሞትስ? ይህን ነበር የምፈራው። ግድግዳ እያየች እንዳትሞትብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳልነግራት ያዮ ሄድኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሴትዮዋን አገኛለሁ፣ እናቴን ወክዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ «ይቅር ብያታለሁ» ትለኛለች፣ ቃሏን ይዤ እመለሳለሁ፣ እናቴ ትቆርባለች። መጽሐፍ የምታነብ ሴት የምታወጣው ዕቅድ ነው።

ገበያ ውስጥ ጠይቄ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ያው ማር ትሸጣለች። እጅ ነሥቼ «እትዬ፣ እንደምን አሉ? ያስታውሱኛል?» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «የመቱዋ ተማሪ! ከመቼ ወዲህ ነው ‹እርስዎ› የሆንኩት? ያኔ ‹አንቺ› አልነበርኩም?»

አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኳት፦ ጆንያውን፣ ጀንፈሉን፣ በማለዳ ደጃፍ የተቀመጠውን ጽዋ፣ ልቧን። በመካከል ደንበኛ መጣ፤ መዝናለት ሸጠች። ከዚያ «ቀጥዪ» አለችኝ። ስጨርስ የማሩን ክዳን ገጥማ እጇን ጠረገች።

«እሺ። አሁን ምን ፈልገሽ ነው?»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» ሣቀች፤ የደስታ ሣቅ ግን አልነበረም። «ኧረ በሞቴ! እኔ ራሴን ጠርጥሬ አላውቅም እኮ። አለመስረቄን ከእናትሽ በፊት አውቃለሁ። አሁን አንቺ ያዮ ድረስ መጥተሽ ለእኔ ‹አልሰረቅሽም› ስትዪኝ ምን ጨመርሽልኝ?»

«ይቅር እንዲሏት ነበር።»

«ስሚ። የእህቴ ልጅ መቱ ልታገባ ነበር። የልጁ ሰዎች ‹የዚያች የጽዋዋ ዘመድ ናት› አሉ። ቀረ። አየሽ? ቄሱ ሲገዝቱ ስሜን አልጠሩም። የተባለው ግን ስሜ ላይ ነው ያረፈው። እዚያው በተባለበት ይባል። ከዚያ ስለ ይቅርታ እናወራለን። ‹ናጋቲ› በያት።»

ናጋቲ፣ በሰላም ማለት ነው። ማሰናበቻም ምርቃትም ሊሆን ይችላል፤ የቱ እንደሆነ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

በሚኒባሱ ስመለስ መስኮቱን ተደግፌ ተብሰከሰክሁ። ስንት ዓመት ፍቅሩንና ፍርዱን ለማስታረቅ ስጥር ኖሬአለሁ፤ ደብተር አለኝ፣ በአንድ ወገን ይህን፣ በሌላ ወገን ያን የጻፍኩበት። እስካሁን ግን አንድም ቀን ተበዳዩ የት ቆሞ እንደሚያዳምጥ ጠይቄ አላውቅም። ፍርድን የሚፈራው በዳይ ነው። ያቺ ሴት ፍርድን ስትጠብቀው ነው የኖረችው፤ በማለዳ ስትነሣ፣ ማር ስትመዝን። ለእሷ ፍርድ ማለት አንድ ሰው ተነሥቶ «እሷ አይደለችም» ማለቱ ነው። እኔ፣ እህቴና አባ ፈጥነን ያመጣነው ፍቅር ለማን ነበር? ለእናታችን። ለራሳችን። ለእሷ የሚተርፍ አልነበረውም። አንዷን ልጁን በደጅ ትቶ እናቴን ብቻ የሚያስገባ አባት፣ አባት አይባልም። ይህን ማወቄ ደስ አላለኝም። አናደደኝ። እናቴ፣ ዳዊት በቃሏ እንጂ በዓይኗ የማታነብ ሴት፣ ከጎመኗ ቀና ሳትል ቀድማኝ ደርሳለች። ደግሞ ግማሹን ተሳስታ ነው የደረሰችው፤ ያ «የገዘተ ካልፈታ» የሚለው ነገሯ አሁንም ስሕተት ነው፣ አልቀበለውም።

የሴትዮዋን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። «እዚያው በተባለበት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

እሑድ፣ ቅዳሴ አብቅቶ፣ አባ ስለ አጥሩ እድሳት እያስታወቁ ሳለ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ከዘራዬን ስጪኝ እንኳ አላለችኝም። መሐል ደረሰች። «አባቶች ይፍቱኝ፣ አንድ ነገር አለኝ» አለች። አባ አወቁ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ሊከለክሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሕዝቡ ሁሉ ግን ወደ እሷ ዞሮ ነበር።

አነጋገሯ እንዴት ያለ አነጋገር መሰላችሁ! ከበሩ ቁልፍ ጀመረች። ቁልፉን ማን እንዳበላሸው ተናገረች። ጀንፈሉ ከየት እንደመጣ፣ ጆንያዎቹ ስንት እንደነበሩ፣ የታሰሩበት ገመድ ምን ዓይነት እንደሆነ ተናገረች። ወደ ነገርሽ ግቢ ብዬ በሆዴ ልጮኽ ደረስኩ። በመጨረሻ «ጽዋውን ማንም አልሰረቀም። እኔ ደብቄ እኔ ረሳሁት። ያገኘሁትም የመለስኩትም እኔ ነኝ። ያቺ የያዮዋ እኅታችን ንጹሕ ናት። እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» አለች።

አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ «ታዲያ የእኔን ዶሮ ማነው የመለሰው?» አለች። አንዳንዱ ሣቀ። ሙሴው ግን አልሣቁም፤ ተነሡና በሰው ፊት ገሠጿት። «ዐሥራ አራት ዓመት አብረሽን ጠጣሽ! ያቺን ሴት ስናማት ቁጭ ብለሽ ሰማሽ! እኛንም የሐሰት ምስክር አደረግሽን!» አንዱንም አላስቀሩላትም። እናቴ አንገቷን ደፍታ «እውነት ነው፤ እውነት ነው» ትላለች። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ሲናገራት መልስ የማታጣ ሴት።

አባ፣ ሙሴው እስኪጨርሱ ጠበቁ። ከዚያ ከደረጃው ወርደው መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፤ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብለው። ዞረውም «ያን ቀን አሜን ያልን ሁሉ ይፍታን» አሉ። እኔም ከነበርኩበት ጎንበስ አልኩ።

ወደ ያዮ ደወልኩ፤ ቁጥሯን ከገበያው ይዤ መጥቼ ነበር። ገና «እትዬ» ከማለቴ፣ «ሰማሁ» አለችኝ። «የቡና ነጋዴዎች ከአንቺ ይፈጥናሉ። ስለ ገመዱም ተናገረች አሉ።»

«ተናግራለች።»

«እሷው ናት» አለች። «እኔ እንዳልጨረስኩ ንገሪያት። ሆዴ ገና ነው። ግን እኔን ጠብቃ ቁርባን እንዳታስቀር፤ እኔ ፈጣሪ አይደለሁም። ትቁረብ። የእኔን ቂም እኔ በጊዜዬ እጨርሰዋለሁ።»

እናቴ በቀጣዩ ሳምንት ቆረበች። ቅዳሴ ጠበል ጠጥታ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ክንዴን ይዛ ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን። ሦስት ጊዜ ቆመን ዐረፍን። እኔ በደስታ አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የማስበው ግን መድኃኒቷን በስንት ሰዓት እንደምሰጣት ነበር። እቤት ገብታ፣ ተቀምጣ፣ እህል ከቀመሰች በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ቅዳሜ ያዮ ትሄጃለሽ» ሆነ።

«አሁን ደግሞ ለምን?»

«አልጨረስኩም ብላለች አላልሽኝም?»

«እማዬ፣ በራሴ ጊዜ ነው እኮ ያለችው! አትነካኪኝ ማለቷ ነው።»

«ምንም አትበያት። ሂጂና ማር ግዢ። ከሰው ፊት፣ ቀምሰሽ፣ ከእሷ ግዢ። በሌላውም ቅዳሜ ሂጂ። እኔ ዳገቱን ብችል እኔው እሄድ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እስክትጨርስ።»

ሦስት ወር ሆነኝ። ቤታችን በማር ተሞልቷል፤ እናቴ በስኳሯ ምክንያት አትቀምሰውም፣ እኔ ማር አልወድም። ሴትዮዋ ስታየኝ «መጣሽ?» ትለኛለች፣ መዝና ትሰጠኛለች፣ ስለ እናቴ አትጠይቀኝም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልሄድ ስነሣ፣ «ቆይ» ብላ ማሰሮውን ከእጄ ተቀበለችና ክዳኑን አጥብቃ መለሰችልኝ። «መንገዱ መጥፎ ነው፤ ይፈስብሻል» አለች።